የጽሑፍ ሳጥኑ የማይነግረን

ፎርም የሚሠራ ፕሮግራመር ሁሉ «ተጠቃሚው ሲጽፍ ጥራኝ» የሚል ኮድ መጻፉ አይቀርም። የጽሑፍ ሳጥኑም በታማኝነት ይጠራል። የሚያሳውቀው ግን ጽሑፉ መለወጡን ብቻ ነው። ማን እንደለወጠው አይናገርም፤ ጸሐፊው ጽፎ መጨረሱንም አያውቅም። የዚህ ሥራ ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ያልተነገረንን እንደተነገረን ስለምንቆጥር ይመስለኛል።

በአማርኛ ሲጻፍ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በላቲን ፊደል እየነኩ በሚጽፉበት የቁልፍ ሰሌዳ «ሰላም» አምስት ቁልፍ ነው። ሳጥኑ ውስጥ በየተራ የሚወጣው «ስ»፣ «ሰ»፣ «ሰል»፣ «ሰላ»፣ «ሰላም» ነው። አንዳንዱ ሰሌዳ ታዲያ «ስ»ን ወደ «ሰ» የሚለውጠው መጀመሪያ ሳድሱን ሰርዞ፣ ቀጥሎ ግዕዙን አስገብቶ ነው። በመካከሉ ሳጥኑ ለዓይን በማይያዝ ፍጥነት ባዶ ይሆናል። «ስም ማስገባት ግዴታ ነው» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ለውጥ ጋር ከታሰረ፣ ሰውየው ስሙን ገና ሲጀምር ብልጭ ይልበታል። ፍለጋም ከሆነ፣ ማንም ያልፈለገው «ስ» እና «ሰል» ወደ ሰርቨር ይላካሉ።

የጃቫ የመስኮት መሥሪያ በሆነው ስዊንግ ውስጥ ሳጥኑ እንዲህ ለአፍታ ባዶ መሆኑ ያለ አማርኛም ያጋጥማል። ጽሑፍ ያለበትን ጄቴክስትፊልድ በሴትቴክስት ሲለውጡት ዶክዩመንትሊስነር ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ አንዴ የድሮው ሲሰረዝ፣ አንዴ አዲሱ ሲገባ። በመጀመሪያው ጥሪ ጽሑፉን ያነበበ ባዶ ያገኛል። የዚሁ ሊስነር ቼንጅድአፕዴት የሚባለው ጥሪ ደግሞ የቅርጽ ባሕርያት ሲለወጡ የሚጠራ ስለሆነ በተራ ጽሑፍ ላይ ጨርሶ አይሰማም። ኮዳቸውን እዚያ ብቻ ያስቀመጡ ለምን ዝም እንዳለ ሲፈልጉ ያመሻሉ።

ሌላው ፈተና እዚያው ጥሪው ውስጥ ጽሑፉን ማረም ነው። ለፍለጋ እንዲመች «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ሐ»ን በ«ሀ» መተካት የሚያምረው ብዙ ነው። ስዊንግ ኢሊጋልስቴትኤክሴፕሽን ወርውሮ ይከለክላል። አንድሮይድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አፍተርቴክስትቼንጅድ ውስጥ ጽሑፉን የለወጠ ራሱን መልሶ ያስጠራል፣ ካልተጠነቀቁለትም ማቆሚያ የለውም። ማረም የግድ ከሆነ ስዊንግ ለዚህ ያዘጋጀው ዶክዩመንትፊልተርን ነው፤ እሱ ለውጡ ከመፈጸሙ በፊት ይደርሳል። ለእኔ ግን የሰው ጽሑፍ መንካቱ ራሱ ድፍረት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የጻፈን ሰው ስም «ሀይለ ስላሴ» ልናደርግ ምን አገባን? ቅጂ ወስዶ ቅጂውን ለፍለጋ ማስተካከል ይበቃል።

«ማን ለወጠው?» ለሚለው ጥያቄ ኪውት የተባለው የመስኮት መሥሪያ ጥሩ መልስ አለው፤ የኪውላይንኤዲት ቴክስትቼንጅድ በማንኛውም ለውጥ ይሰማል፣ ቴክስትኤዲትድ ግን ተጠቃሚው ሲለውጠው ብቻ። ድረ ገጽ ላይ ኢንፑት የሚባለው ጥሪ በየለውጡ ይመጣል፤ ቼንጅ ደግሞ ሰውየው ሳጥኑን ሲለቅ ወይም ኢንተር ሲጫን። በጃቫስክሪፕት ቫልዩውን ስንለውጥ ሁለቱም አይሰሙም።

እንግዲህ ፍለጋውን ጣት እስኪያርፍ ጥቂት ሚሊሰከንድ አዘግዩት፤ ማስጠንቀቂያውንም ሰው ከሳጥኑ እስኪወጣ አቆዩት። ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሙሉ ስም በአማርኛ ሰሌዳ ጽፋችሁ ሞክሩት።