ፍል ውሃው የት ይደፋ?

ጠላ ጠማቂና አረቄ አውጪ ሲገናኙ ወሬው ስለ ጌሾ፣ ስለ ብቅልና ስለ ማገዶ ውድነት ነው። ስለሚደፋው ውሃ የሚያነሳ የለም። የሙያተኛዋን ጥንቃቄ ማወቅ የሚሻ ግን ጠላውን ከመቅመሱ በፊት ደጇን ይይ። በአረንጓዴ ሰርዶ መሃል ምጣድ የሚያህል ክብ ነጥቶ ካየ፣ ፍል ውሃ የሚደፋው እዚያ ነው።

ብዙውን ፍል ውሃ የሚያመጣው አረቄ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ፣ አፉ ተመርጎ፣ እንፋሎቱ በመቃው በኩል ወደ መቀበያው ይወርዳል፤ መቀበያው ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል። እንፋሎቱ አረቄ የሚሆነው ሙቀቱን ለሳፋው ውሃ አስረክቦ ነው። ውሃው ሲሞቅ ማቀዝቀዙን ይተዋል፣ አረቄውም በእንፋሎት መልክ በየቀዳዳው ያመልጣል። ጣታችንን ሳፋው ውስጥ እየነከርን ውሃውን የምንቀይረው ለዚህ ነው። ድፍድፉ ወጥቶ እስኪያልቅ ሳፋው ደጋግሞ ይገለበጣል፣ ለእጅ የሚቀርበው ደግሞ ሣሩ ነው። በውጭ አገር ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም፤ የፈላውን ጭማቂ በመዳብ ጥምዝ ቱቦ ሲያቀዘቅዙ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ያቃጥላል።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሣሩ ግን ይህ ምንም አይፈይድለትም፤ ቅጠል ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ካገኘው ይበስላል። ሰርዶ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ጊዜ ቢቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሁልጊዜ እዚያው ሲደፋበት ግን ሥሩም ይሞታል፣ ቦታውንም አረም ይወርሰዋል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ለነሐሴ 13 ደብረ ታቦር በዓል ሁሉም ሲጠምቅ፣ ጉዳቱ ይሰፋል፤ መሬቱ ጠግቦ ስለማይመጥ ፍል ውሃው በላይ በላዩ እየተንሸራተተ ብዙ ሣር ይነካል። በኅዳር ውርጭ ጠዋት ደግሞ «ሣሩን ላሙቀው» ብሎ ፍል ውሃ የሚያፈስ አለ። ውርጩን ፀሐይ ታቅልጠው፤ የእሷ ሥራ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው ፍሉን በቀዝቃዛ መበረዝ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አንድ ጆግ የፈላ ውሃ በሦስት ጆግ ቀዝቃዛ ሲበረዝ ለሣር የሚያሰጋ ሙቀት አይኖረውም። እኔ ግን አልወደውም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለመድፋት ሲባል ሦስት ጆግ ንጹሕ ውሃ ማባከን ምን ይባላል? የጉና ተራራ ብርድ ሌሊቱን በነፃ ያቀዘቅዘው የለም ወይ?

ከዚያ በፊት ግን ሙቀቱ ራሱ ሥራ አለው። ከሳፋው የሚገለበጠው ውሃ ንጹሕ ነው፤ አረቄው የሚወርደው ወደ መቀበያው እንጂ ወደ እሱ አይደለም። ለብ ባለው ላይ ትንሽ አፍልቶ መጨመር በቀዝቃዛ ከመጀመር ያነሰ ማገዶ ይፈጃል፤ በዚያ ውሃ ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። የተረፈው ለልብስና ለዕቃ ነው። ማታ በርሜል ውስጥ ያደረው ደግሞ ጠዋት ለጎመኑና ለጌሾው ተክል ይሆናል። እጅ ገብቶ የማይቆይበት ውሃ ሥር ላይ አይፈስም፤ ቴርሞሜትር ለሌለን ይህ ይበቃል። የግድ ትኩሱ የሚደፋ ከሆነ በኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ የበቀለው አረም ላይ ይደፋ። በአውሮፓ ያሉ አንዳንድ ከተሞች የአረም መድኃኒት ትተው በፍል ውሃ የሚያጸዱት እንዲህ ያለውን ነው።

አተላው ከዚህ ሁሉ ይለያል። ትኩስ ብቻ ሳይሆን ኮምጣጣም ነው፤ አንድ ቦታ ሲከማች መሬቱን ያበላሻል፣ ዝንብም ይጠራል። በርዶ ለከብት ይሰጥ፤ ከብት የሌለው ከገለባና ከፍግ ጋር ይቀላቅለው።

አንድ ነገር ግን ለባለሙያዎች ሁሉ አደራ እላለሁ። እስኪበርድ የሚቀመጠው ውሃ ክዳን ይኑረው፣ ልጅ ከማይደርስበትም ይሁን። ሣር ቢቃጠል ተመልሶ ይበቅላል።