ከጎጀብ ወዲህና ወዲያ፦ የጅማና የካፋ የጦርነት ትውስታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለተካሄዱ ጦርነቶች ሲጻፍም ሲወራም፣ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ባንድ በኩል የሸዋ መንግሥት፣ በሌላ በኩል የተወረሩት ሕዝቦች። ይህ አከፋፈል መሠረት አለው። ነገር ግን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ያደረሰውን ይሸፍናል። ጅማ ስለራሱ የሚተርከው ሰላምና ካፋ ስለራሱ የሚተርከው ጥፋት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተዘለለ የሚደረግ እርቅ ሥር አይሰድም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ይህ ነው።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ ሃልብዋክስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው ያለፈውን የሚያስታውሰው አባል በሆነበት ማኅበረሰብ ማዕቀፍ ውስጥ እንደሆነ አስረድቷል። ማዕቀፉ የማይፈልገው ነገር ማንም ሳይከለክለው ይረሳል። በጅማና በካፋ መካከል ባለው በጎጀብ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሆነው ይኸው ነው።

የጅሬን ሰላም

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው የጅማን ዙፋን ያዙ። የሸዋ ኃይል ወደ ግቤ አካባቢ ሲገፋ፣ የእናታቸውን የጉሚቲን ምክር ሰምተው ሳይዋጉ ለምኒልክ እንደገበሩ ይተረካል። በዚህም ጅማ ከወረራ ዳነ፤ በያመቱ ግብር እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን ንጉሡ እስካረፉበት እስከ እ.ኤ.አ. 1932 ድረስ ጠብቆ ቆየ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው የሚሰማው ይህን ነው፤ አርቆ አሳቢ ንጉሥ፣ ያልተቃጠለ አገር፣ የደመቀ ንግድ።

ንግዱ በእርግጥ ደማቅ ነበር። ዛሬ የጅማ ከተማ አካል በሆነው በሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ በአካባቢው ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ አሞሌው እዚያ ይገናኛል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ከሚሸጡትም ብዙዎቹ ከካፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎች አጎራባች አገሮች የተማረኩ ነበሩ። አሜሪካዊው የሰብአ ትምህርት አጥኚ ኸርበርት ልዊስ ስለ ጅማ መንግሥት የጻፈው ጥናት የገበያውንም የባርነቱንም ስፋት ያሳያል። የሕዝቡ ትረካ ግን ገበያውን ይዞ ተሸጦ ያለፈውን ሰው ይተወዋል።

ጉድባውና ዘመቻው

የአካባቢው መንግሥታት ድንበራቸውን በጥንቃቄ ይጠብቁ ነበር። በግቤ መንግሥታት መካከል «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት፣ የማይታረስ ጠፍ መሬት ይተዋል፤ ማለፊያው የታወቀ በር ብቻ ሲሆን በሩም ጠባቂ አለው። ካፋ ደግሞ በዚህ ላይ ጥልቅ ጉድባ አስቆፍሮ በአጥር አጠናክሮታል። ጉድባው የተቆፈረው ከሩቅ ለሚመጣ ጠላት ብቻ አልነበረም። የዕለት ተዕለት ስጋቱ ቅርብ ነበር።

በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት በካፋ ላይ ዘመቻ ሲከፈት የአባ ጅፋር ሠራዊት አብሮ ዘመተ። የካፋው ንጉሥ (ታቶ) ጋኪ ሻረቾ ለወራት በጫካና በሸለቆ ሲከላከሉ ቆይተው በ1890 መባቻ ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወስደው በግዞት ሞቱ። የካፋ ሽማግሌዎች ሲያወርሱት በኖሩት ትረካ፣ ታቶው ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና ቀለበታቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ ጣሉት። ቀለበቱ የተጣለበት ወንዝ ካፋን ከጅማ የሚለየው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከዚያ በኋላ በምርኮና በባርነት ካፋ ከሕዝቡ ብዙውን አጣ።

የኋለኛው ዘመን አስተዳደር ደግሞ ሁለቱን ትውስታዎች አንድ ላይ ጠቀለላቸው። አገሩ በሙሉ «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ሲባል ዋና ከተማው ጅማ ሆነ፤ ስሙ የተሸናፊው፣ መቀመጫው የዘማቹ። የካፋ ሰው አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው በገዛ ስሙ ወደሚጠራው ጠቅላይ ግዛት መዲና፣ ወደ ጅማ ነበር። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ፣ የካፋ ዋና ከተማ ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ካርታው ተለያየ፤ ያልተነገረው ታሪክ ግን ሳይነገር እንደቀረ ነው።

በቡና ስም የሚደረግ ክርክር

ይህ ዝምታ ሌላ መውጫ አግኝቷል። ከጅማ በኩል አጋሮ አጠገብ ያለችው የጎማ ወረዳዋ ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች፤ ካፋ ደግሞ በግዛቱ ያለችውን ማንኪራን ይጠቅሳል፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ላይ ቆሟል። በሳይንስ ረገድ የአረቢካ ቡና የሁለቱም አካባቢ ጫካ ተወላጅ ነው። ክርክሩ ግን የሚጋጋለው በዕፅዋት ጥናት ብቻ አይመስለኝም። «መጀመሪያ ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ማን ማንን በደለ?» የሚለውን ከመጠየቅ ይቀላል። ስለ ጦርነቱ ያልተባለው በቡናው ላይ ይባላል።

እርቅ ከማን ይጀምራል?

በኦሮሞ የጉማ የደም እርቅ ሥርዓት ሽማግሌዎች ከካሳ በፊት የሚፈልጉት ድርጊቱ ባለቤት እንዲኖረው ነው። ገዳዩ ወገን ሳያምን እርቁ አይጀመርም። ሥርዓቱ የተሠራው ለነፍስ ግድያ እንጂ ለመንግሥታት ጦርነት አይደለም፤ የዛሬው የጅማ ገበሬም ቅድመ አያቱ ላደረገው ተጠያቂ አይሆንም። ከሥርዓቱ ሊወረስ የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ማመን፣ ቀጥሎ መታረቅ።

«አባ ጅፋር ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ እምቢ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ምን እንደደረሰባቸው አይተዋል። ሆኖም የሂርማታ የሰው ገበያና በጎረቤቱ በየም ሕዝብ ላይ የተደረጉት ዘመቻዎች በሸዋ ትእዛዝ አልተጀመሩም። የንጉሡን ጭንቀት መረዳት የተማረኩትን ለመርሳት ፈቃድ አይሰጥም። ካፋም ቢሆን በጉልበቱ ዘመን አጎራባቾቹን ያስገብር፣ ባሪያ ይነግድ ነበር፤ በካፋ ውስጥ የሚኖረው የማንጆ ማኅበረሰብ እስከ ዛሬ የሚደርስበት መገለል ከካፋ ውጭ የመጣ አይደለም። ራሱን እንደ ተበዳይ ብቻ የሚያይ ትውስታ በጉያው ያለውን በደል አያይም።

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ዓይናቸው በዋናነት በመንግሥትና በዜጋ፣ በልሂቅና በልሂቅ መካከል ባለው ጉዳይ ላይ ነው። የጎረቤት ታሪክ ከዚህ ዝቅ ባለ ደረጃ፣ በወረዳና በትምህርት ቤት መሠራት አለበት። ጀርመንና ፈረንሳይ ሦስት ከባድ ጦርነት ከተዋጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 የጋራ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ማሳተም ከቻሉ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ስለ 1889 ዓ.ም. ዘመቻ አንድ የጋራ ምዕራፍ መጻፍ አያቅታቸውም። የጅሬን አስጎብኚ ስለ ካፋ ዘመቻ፣ የቦንጋው ስለ ማንጆ እንዲናገር ማድረግም ከዚያ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ቃል ከጅማ በኩል እንዲመጣ እሻለሁ፤ የዘመተው እርሱ ነውና። አባ ጅፋር ሕዝባቸውን ማዳናቸው በክብር ይነገር። የዚያ ሰላም ዋጋ በከፊል በካፋ፣ በዳውሮና በየም ሰው መከፈሉም አብሮ ይነገር። የጅማ ሰው ይህን በራሱ አፍ ሲናገር የካፋው ጎረቤቱ ለመስማት የሚቀመጥበት ምክንያት ያገኛል።