የከፍታ ሠንጠረዥና የደም ማነስ ምርመራ፦ የ2024 መመሪያ ከጊንጪ ሲታይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 የደም ማነስን ለመለየት የሚያገለግሉ የሂሞግሎቢን ወሰኖችን በአዲስ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው በደጋ አገር ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የሚመሰገንም፣ ጥያቄ የሚያስነሣም ጎን አለው።

የሚመሰገነው ስለ ልኬት የሰጠው ማሳሰቢያ ነው። ናሙናው ከደም ሥር እንዲወሰድ፣ በአውቶማቲክ መሣሪያ እንዲለካና የጥራት ቁጥጥር እንዲደረግበት ይመክራል። ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ጣቱ ሲጨመቅ ከሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

ጥያቄ የሚያስነሣው የከፍታ ማስተካከያው ነው። በከፍታ ቦታ የኦክስጅን ግፊት ስለሚቀንስ ሰውነት ሂሞግሎቢንን ይጨምራል፤ በመሆኑም የደም ማነስ ወሰን ከፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጊንጪ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 እና በ2,500 ሜትር መካከል ናት። የቀድሞው ሠንጠረዥ ለ2,000 ሜትር በዴሲ ሊትር 0.8 ግራም ይጨምር ነበር፤ አዲሱ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ላለው ከፍታ 1.4 ግራም ይጨምራል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ላለች ነፍሰ ጡር መነሻው 11 ግራም ስለሆነ፣ ወሰኑ ከ11.8 ወደ 12.4 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሂሞግሎቢኗ 12 የሆነ እናት በቀድሞው ጤነኛ፣ በአዲሱ ደም ያነሳት ትባላለች።

በዚህ ላይ የመኖሪያ ከፍታ ጉዳይ አለ። ሊቆጠር የሚገባው በሽተኛው የሚኖርበት እንጂ ላቦራቶሪው ያለበት ከፍታ አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ ካለው የደንዲ ተራራ ገጽ ወደ ጊንጪ ለክትትል የወረደች እናት ማስተካከያዋ 1.8 ግራም ነው። በካርዷ ላይ ቀበሌዋ እንጂ ከፍታው ካልተጻፈ ሠንጠረዡ በትክክል ሊሠራ አይችልም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን አንድ ሠንጠረዥ ለሁሉም ደገኛ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሂሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ የራቀ አይደለም። በአዲሱ ሠንጠረዥ በዚያ ከፍታ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ወሰን 14.5 ግራም ይሆናል። አማካዩ ከወሰኑ በግማሽ ግራም ብቻ ከበለጠ፣ ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ ያሉ ጤነኞች ሁሉ ደም ያነሳቸው ሊባሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሂሞግሎቢን ከአማሮቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የሰሜኑንም የባሌንም ልክ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ሸዋ ማምጣት አይቻልም።

ይህ ማለት መመሪያው ይጣል ማለት አይደለም። ዝቅተኛ ወሰን መያዝም አደጋ አለው፤ ሳይታወቅ ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳት የምትቋቋምበት አቅም አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቷ በሁለቱ ሠንጠረዦች መካከል የወደቀ እናት በቁጥሩ ብቻ ልትፈረጅ አይገባም። ብረትና ፎሊክ አሲድ ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ ለመከላከያ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የምርመራው ዋና ጥቅም ምክንያቱን ማግኘት ነው። ተቀራራቢ ወሊድ፣ የደም መፍሰስ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትል፣ ወደ ቆላ ወርዶ የመጣ ወባ መጠየቅና መመርመር አለባቸው። በአጉሊ መነጽር የሚታይ የደም ቅብም ብዙ ይናገራል፤ ትናንሽና የገረጡ ቀይ ሕዋሳት የብረት እጥረትን፣ ከመጠን በላይ የተለቁት የፎሊክ አሲድ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ያመለክታሉ። ብረት ታዝዞ ከአራት ሳምንት በኋላ ሂሞግሎቢኑ ቢያንስ በ1 ግራም ካልጨመረ፣ መድኃኒቱ በአግባቡ መወሰዱን ማረጋገጥና ምርመራውን እንደገና ማጤን ይገባል።

የመመሪያው ጉድለት በአገር ውስጥ ጥናት ሊሞላ የሚችል ነው። በምዕራብ ሸዋ በልዩ ልዩ ከፍታ የሚኖሩ፣ የብረት ክምችታቸው የተለካ ጤነኞች ሂሞግሎቢን ቢጠና፣ የጊንጪ ጤና ባለሙያ በ11.8 እና በ12.4 መካከል ያለችውን እናት የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን ያገኛል።