አፍራሽ ወይስ ጠጋኝ? ከስትሮክ በኋላ በአንጎል ውስጥ ስለሚሠሩ ኤንዛይሞች

ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የተባሉት ኤንዛይሞች ሕዋሳትን አያይዞ የሚይዘውን የፕሮቲን መረብ ይቆራርጣሉ። ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን ያገኙት የእንቁራሪት እጭ ጅራቷን አጥታ ወደ እንቁራሪትነት ስትለወጥ ነው፤ ይኸውም አንድ አካል ታድሶ ሲሠራ እንጂ ሲታመም አልነበረም። ስለ አንጎል የተጻፈው ሰፊ ጽሑፍ ግን ይህን የትውልድ ታሪካቸውን ዘንግቶ እንደ ወንጀለኛ ብቻ ሲያያቸው ቆይቷል። እኔም ራሴ በአማርኛ ስጽፍ «አፍራሽ ኤንዛይም» ማለትን ለምጄ ነበር።

ክሱ መሠረት የለውም አልልም። ስትሮክ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ሜታሎፕሮቲኔዝ 9 የደም ሥሮቹን ሥረ ግድግዳ ይበላል፤ ደሙም ወደ አንጎል ይሰርጋል። ይህን ኤንዛይም በዘር ያጡ አይጦች የሚደርስባቸው ጉዳት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የአሜሪካ ጥናት የረጋ ደም የሚያሟሟው ቲፒኤ ለብዙዎች ጠቃሚ መሆኑን ሲያሳይ፣ ምልክት ያለው የአንጎል መድማት መድኃኒቱን ካገኙት 6.4 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 0.6 በመቶ ላይ ደርሷል። ቲፒኤ እነዚህን ኤንዛይሞች እንደሚቀሰቅስ ከታወቀ ወዲህ «እንግታቸው» የሚለው ሐሳብ መስፋፋቱ አያስደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በኔቸር ሜዲስን የወጣው የኤንግ ሎ ቡድን ጥናት ይህን እምነት አናግቶታል። አጥኚዎቹ መግቻውን ለአይጦች የሰጡት ወዲያው ሳይሆን በሰባተኛው ቀን ነበር፤ ጉዳቱ ሰፋ፣ ማገገሙም ተሰናከለ። ያው ኤንዛይም በዚያን ጊዜ ለአዳዲስ የደም ሥሮች መንገድ ይጠርግ ነበርና። ጥያቄውን ሳይለውጡ ሰዓቱን ብቻ መለወጣቸውን አደንቃለሁ። ሆኖም ሁለት ነገር ቅር ይለኛል። የተጠቀሙበት መግቻ ከቤተሰቡ ብዙዎቹን በአንድነት የሚያስር ስለሆነ፣ ጠጋኙ የትኛው እንደሆነ በእርግጥ አይለይም። ክትትሉም በ14ኛው ቀን ይቆማል፤ በሰው ላይ ማገገም ወራትን ይፈጃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሐኪሙ ጥያቄ ነው፤ ማፍረሱ አብቅቶ መጠገኑ የጀመረው መቼ ነው? የአይጧ ስትሮክ በቤተ ሙከራ ሰዓቱ ተመዝግቦ የሚጀምር ነው። ተኝተው ሳሉ የታመሙ፣ የደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው አዛውንት ሰዓቱን አያውቁትም። የባርሴሎና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከሕክምናው በፊት በደም ውስጥ የተለካ ከፍተኛ የሜታሎፕሮቲኔዝ 9 መጠን የመድማትን አደጋ አስቀድሞ እንደሚጠቁም አሳይተዋል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይህንኑ ኤንዛይም አከማችተው ይይዛሉ፤ ስለሆነም ከክንድ የተቀዳ ደም ኤንዛይሙ ከወዴት እንደመጣ አይናገርም፣ በአንጎል ውስጥ ምን እየሠራ እንዳለማ ጭራሽ።