የከዚራ መስኮቶች
በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በቀትር የሚያልፍ ሰው ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቆም ብሎ የቆዩትን ቤቶች መስኮት ይመልከት። ከተማዋ ባቡሩ ከጅቡቲ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ከሐዲዱ ጋር የፈረንሳዮች የመስኮት ልማድም አብሮ ገባ። ከመስታወቱ ውጭ የሚዘጋ፣ በአግድም የእንጨት ርብራብ የተሞላ መዝጊያ ነው።

ውጭ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ከገባች ወዲያ መጋረጃ ቢጋረድ ሙቀቱ ቤት ገብቶ አድሯል። የድሬን ሙቀት ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል።

ጠጋ ሲሉ የአናጢው እጅ ይታያል። እያንዳንዱ ስስ ጣውላ ወደ ውጭ አጋድሏል፤ የላይኛው ግርጌ ከታችኛው አናት ትንሽ ዝቅ ይላል። የሣር ክዳን ውሃን እየተቀባበለ እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ዝናቡ ከጣውላ ጣውላ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ነፋሱ ግን ሾልኮ ይገባል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ከጣውላ በቀር የሚያየው የለም፤ ከውስጥ ቁልቁል የሚያይ ግን መንገዱን ይቆጣጠራል። (ለወሬኛ ጎረቤት የተመቸ ነው።)

ርብራቡን በሚስማር መምታት ይቀል ነበር። ሚስማር ግን ይዝጋል፣ እንጨት ይሰነጥቃል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ቋሚዎች ላይ ለእያንዳንዱ ጣውላ ሰያፍ ቦይ በመሮ ተፈልፍሏል፤ የግራና የቀኙ ቦይ ትንሽ ቢዛነፉ ጣውላው ይጣመማል። ጠርዙም በሞረድ ለስልሷል፤ ቀለም ስለታም ጠርዝ ላይ አይበረክትም። በጣም የምወደው ግን ማንም የማያየውን የታችኛውን አግዳሚ ነው፦ ውሃ ተኝቶ እንዳያበሰብሰው አናቱ ወደ ውጭ ተዳፍቷል።

ዛሬ ለሕንፃው ሉቨር፣ ማለትም እንዲህ ያለ ርብራብ፣ የሚመርጥ ሰው ቴላዮውን (ክፈፉን) ለክቶ ዋጋ ይጠይቃል። መለካት ያለበት ክፍተቱ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሉቨር የአንድ ካሬ ሜትር አየር አያስገባም፤ የርብራቡ ውፍረትና ማጋደል ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ይወስዱታል፤ የትንኝ ወንፊት ሲጨመርበት ይብስበታል። አልሙኒየምን አላጣጥልም፤ ጠርዙ ላይ ውሃ የሚይዝ እጥፋት ካለው ደህና ሥራ ነው። ልሙጥ ላሜራ ቆራርጦ የበየደውን ግን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ያጋልጠዋል። ከመግዛት በፊት ናሙናውን አቁሞ በጎማ ውሃ መርጨትና ሻጩን ከኋላው እንዲቆም መጋበዝ ይበቃል።