የአዛውንቷ ፊት በመዳብ ላይ

የመዳብ ሰሌዳው በየትኛውም ጎኑ ከ7 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሠዓሊው ሬምብራንት በ1628 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ላይደን ከተማ ሲሠራው ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የሣላቸው አዛውንት ወላጅ እናቱ ናቸው ሲባል ኖሯል። ከሰሌዳው የወጣው ህትመት ላይ ግን ስማቸው የለም፤ የሠዓሊው የስም ምልክትና ዓመቱ ብቻ ሰፍረዋል። በዚያ ዘመን ሆላንድ ውስጥ ዝናም ሹመትም የሌለው ሰው ፊት ለብቻው ተሥሎ ገዢ ያገኝ ነበር። የሬምብራንት ጓደኛ ሠዓሊው ያን ሊቨንስም ሽማግሌና አሮጊት ደጋግሞ ሥሏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የተወለወለው መዳብ ይሞቅና ሰም፣ ሙጫና ሬንጅ የተቀላቀለበት ስስ ሽፋን ይቀባል። ሠዓሊው በመርፌ የሚጭረው ሽፋኑን ነው፤ መዳቡን የሚበላው አሲዱ ነው። አሲድ ውስጥ ብዙ የቆየ መስመር ይጠልቃል፣ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ወረቀት ላይ ይጠቁራል። ከዚያ ሽፋኑ ይነሣል፤ ቀለም ይቀባል፤ የሰሌዳው ገጽ በጨርቅ ሲጠረግ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ይለብስና በማተሚያው ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል። ስዕሉ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ይወጣል።

የአዛውንቷ ፊት ላይ አንድም ወጥ የሆነ ረጅም የሽብሽብ መስመር የለም። አጫጭር ጭረቶች ናቸው፤ ይጠጋጋሉ፣ ይቋረጣሉ፣ ትንሽ ዘለው ይቀጥላሉ። ጉንጩ ላይ የአጥንቱን ቅርጽ ተከትለው ይታጠፋሉ። ከንፈሩ ገጠም ብሎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጥላው የተሠራው በተደራረቡ ጥቃቅን ጭረቶች ነው። ብርሃን ያረፈበት ቆዳ ግን ምንም ያልተነካ ባዶ ወረቀት ነው። የአዛውንቷን ዕድሜ የሚናገረው ከጭረቱ ይልቅ በጭረቶቹ መካከል የተተወው ቦታ ይመስለኛል። የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ይህን ማወቁ ያስደንቀኛል።

የመጀመሪያው ዙር ህትመት ላይ ያለው ጭንቅላታቸው ብቻ ነው። ደረትና ትከሻውን ኋላ ጨመረ፤ የልብሱ መስመር ከፊቱ ይልቅ ልቅና ፈጠን ያለ ነው። ልክ አድርጓል እላለሁ። ልብሱም እንደ ፊቱ ቢደክምበት ኖሮ ዓይናችን የት እንደሚያርፍ ይጠፋው ነበር።

አምስተርዳም የሚገኘው ራይክስ ሙዚየም ህትመቱን በድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። አጉልታችሁ እዩት፤ ከጉንጩ ጀምሩ።