ሞት በቴአትር መድረክ ላይ

ቴአትር ከሚያሳያቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚከብደው ሞት ነው። ተዋናይ ሣቅ በሚያስፈልግበት ቦታ በእውነት ሊሥቅ፣ እንባ በሚያስፈልግበትም በእውነት ሊያለቅስ ይችላል፤ መሞት ግን አይችልም። ተመልካቹም ይህን ያውቃል። ስለዚህ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደራሲውን አምኖ የተከተለ ተመልካች ከዚህ ቦታ ሲደርስ ሊከዳው ይችላል። ይህን ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን በእጃጂ ከተማ ያየነው አንድ ትዕይንት ነው።

እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጌዶ አልፎ ባኮ ሳይደረስ የሚገኝ ከተማ ነው። ለሥራ ወደዚያ በሄድን ጊዜ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ ተማሪዎች ያዘጋጁትን ድራማ እንድንመለከት ተጋበዝን። ነገሩ በእርሻ ወሰን የተጣሉ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነበር። ጭቅጭቁን፣ የሽማግሌዎቹን ልመና፣ የእናቲቱን ጭንቀት በሚገባ ተጫወቱት። በመጨረሻ ታናሹ በጥይት ተመታ። ቀይ ቀለም በሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፤ ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ እየተንፈራገጠም ረጅም ምክር ተናገረ። ሕፃናቱ ሣቁ፤ ዐዋቂዎቹም ተከተሏቸው። ከበስተኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። በዚያ ዓመት ወንድ ልጃቸውን እንደ ቀበሩ በኋላ ሰማን። ከሣቁት መካከል እኛም ነበርንበትና አፈርን።

ጥፋቱ የልጆቹ ነውን? አይመስለንም። ሞትን ማሳየት ማለት መውደቅንና ደምን ማሳየት ነው ብለው አምነዋል፤ ብዙ ዐዋቂዎችም እንዲሁ ያምናሉ። ነገር ግን ያ ትዕይንት ሐዘን የሌለበትን ሰው አሣቀ፤ ሐዘን ያለበትን ደግሞ አባረረ። እንግዲህ ለማን ተዘጋጀ?

የጥንት ግሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ሞትን ከመድረክ ውጭ ያደርጉት ነበር። በሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ውስጥ ዮካስታ ራሷን የምትሰቅለው በእልፍኟ ነው፤ ተመልካቹ ነገሩን የሚሰማው ከመልእክተኛ አፍ ነው። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር እናስታውስ። ዘመድና ጎረቤት ገና ሳይነጋ ይሰባሰባል፤ በር ይንኳኳል፤ ከፍቶ የወጣው ሰው በማለዳ ደጁን የሞሉትን ሰዎች ያያል። ገና አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉን ይረዳል። ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ማን ደራሲ ሊፈጥር ይችላል? በዚያ ድራማ ላይ የነበረችው እናት ያቺ ማለዳ ብትሰጣት ኖሮ፣ ጥይትም ቀይ ቀለምም ባላስፈለገ ነበር።

ይሁን እንጂ ሞት ሁልጊዜ ይሰወር ማለታችን አይደለም። በሼክስፒር «ኦቴሎ» ዴዝዴሞና በተመልካች ፊት በአልጋዋ ላይ ታፍና ትሞታለች። ልብን የሚሰብረው ግን የመታፈኑ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ መሆኗን እኛ ሁላችን እያወቅን ባሏ አለማወቁ ነው። ሞቱ የከበደው አስቀድሞ ስለ ተዘጋጀ ነው።

ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የመለሱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዚሁ የአምቦ አገር ልጅ ናቸው። በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሠሩትን እንመልከት። አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ኢጣልያ ጥይት አዲስ አበባ ላይ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጸጋዬም የተወለዱት በዚያው ክረምት ነው። ፍጻሜውን ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ሆነም «ይሞቱ ይሆን?» ብሎ የሚጓጓ የለም። ርእሱ ራሱ እንደሚያመለክተው፣ የደራሲው ዐይን ያረፈው ሰውየው ከፍርሃቱና ከእምነቱ፣ ከአገሩም ፍቅር ጋር ብቻውን በሚቆምባት በዚያች ሰዓት ላይ ነው። ፍርሃት ያልጎበኘው ሰው ቢሞት ጀግንነቱ በምን ይታወቃል? የዐፄ ቴዎድሮስም ነገር እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን እንደ ሠዉ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬም በእርሳቸው ላይ ተውኔት ጽፈዋል። የሽጉጡ ድምፅ ከአንድ ቅጽበት አያልፍም። ተመልካቹን ይዞ የሚቆየው ከሰውየው ጋር የወደቀው ሐሳብ ነው።

ምናልባት «ወጣት ተመልካች ድርጊት ካላየ ይሰለቻል» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ እንዳየነው ግን በዚያች ቀን አዳራሹ ጸጥ ብሎ የነበረው እናቲቱ በሁለቱ ልጆቿ መካከል ቆማ አንዲት ቃል መናገር ባቃታት ጊዜ ነበር። ሁካታው የተነሣው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ድራማ ለሚያዘጋጁ መምህራን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ሟቹ ብዙ አይናገር፤ የቀሩት ይታዩ። ከመውደቁ ይልቅ ባዶ የቀረው መቀመጫው ይታሰብ። ከሁሉም በላይ፣ ሞትን በመድረክ የሚያቀርብ ሰው ከተመልካቾቹ መካከል በቅርብ የቀበረ እንዳለ አስቦ ያዘጋጅ፤ እንዲህ ያለ ሰው የማይገኝበት አዳራሽ የለምና። እኒያ እናት እስከ መጨረሻው ሊቀመጡ የሚችሉበት ትዕይንት ከተዘጋጀ፣ የሚሥቅ ሕፃን አይኖርም።